እንግሊዞች ሜዳቸውን ጠበቁ፣ እኛስ?

ቅዳሜ አመሻሽ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ላይ ጋቢውን ደርቦ ዲኤስቲቪ ቤት የሚገባ ሰው፣ እንግሊዝ አገር ሶፋው ላይ የተቀመጠ ደጋፊ የተከለከለውን ጨዋታ በቀጥታ ያያል። እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜ በእነሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ከ2:45 እስከ 5:15 ድረስ በቴሌቪዥን ኳስ ማሳየት ክልክል ነው። ነገሩን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የበርንሌይ ሊቀመንበር የነበረው ቦብ ሎርድ ነው። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ትልልቆቹን ካየ የሰፈሩን ክለብ ማን ሄዶ ያያል ብሎ ፈራ። ፕሪምየር ሊጉ ይህን ሁሉ ቢሊዮን ፓውንድ ከቴሌቪዥን እያፈሰ እንኳ ክልከላው እስካሁን አለ።

እኛ ዘንድ ግን የሚከለክል የለም፤ የሚያስቸግረው የመግቢያው ዋጋ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ ወዲህ በውጭ ምንዛሬ የሚታሰብ ነገር ሁሉ ተወደደ። መብራት ሲጠፋ ለጀነሬተር የሚገዛው ነዳጅም እንዲሁ። የቤቱ ባለቤት ዋጋ ሲጨምር ተመልካቾቹ ያጉረመርማሉ፣ ይከፍላሉ፣ ይገባሉ። የሊቨርፑል ደጋፊዎች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ትኬት 77 ፓውንድ ሊሆን ነው ሲባሉ በ77ኛው ደቂቃ ስታዲየሙን ጥለው ወጡ፤ ባለቤቶቹም በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቀው ዋጋውን ሰረዙት። ከእኛ ቤት ማን ይወጣል? ውጭው ብርድ ነው።

የተጫዋች ዋጋ ክርክር ግን የትም አገር አንድ ነው። ከኤርትራውያን ቤተሰብ ስዊድን የተወለደው አሌክሳንደር ኢሳክ በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ሊቨርፑል ሲገባ፣ ከስማዳ እስከ እስቴ ያለው ተመልካች «የእኛው ልጅ» ብሎ ተቀበለው፤ ወዲያው ደግሞ ዋጋው በዛ፣ አልበዛም የሚል ሙግት ተከፈተ። ቤተሰቡ የሴፍቲኔት ስንዴ የሚጠብቅ ወጣት ለሊቨርፑሉ አሜሪካዊ ባለሀብት ገንዘብ ሲቆረቆር መስማት ያስቃል። አልሸሽግም፣ በዛ ካሉት ወገን ነኝ።

አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ቆይቶም ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ ግን፣ ስንት ተሸጠ ብሎ ሲሟገት የሰማሁት ሰው የለም። በዚያው በ2013 ዓ.ም. የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግን ዋንጫ በላ። ለጋይንት ሰው ከዚህ የሚቀርብ ሻምፒዮን ከየት ይመጣል? ነገር ግን በዚያ የውድድር ዘመን ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አልተደረገም። የኮሮና ጊዜ ስለነበር ክለቦቹ ሁሉ ተሰብስበው ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከዚያም ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወሩ ተጫወቱ። የዲኤስቲቪው ሱፐር ስፖርትም ለአምስት ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተዋውሎ ካሜራውን ተከለ።

ኮሮናው አለፈ፤ አሠራሩ ግን ልማድ ሆኖ ቀረ። ለካሜራው ይመቻል፣ ሜዳ መርጦ ለማጫወትም ይቀላል። ክለቡ በበኩሉ ለወራት የሆቴል አልጋና ምግብ ይከፍላል፤ በር ላይ ትኬት የሚሸጥለት የራሱ ሕዝብ የለም። አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት በመሆኑ ኪሳራው ባለቤት የለውም። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር አይለፍ ተብሎ ነበር። ወጪን በጣሪያ ለመገደብ ታሰበ፤ ገቢ የሚያመጣው ተመልካች ግን ከሜዳው እንዲርቅ ተደረገ። ይህን ሒሳብ ያወጣው ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ክልላችን አማራ እንዲህ በጦርነት እየታመሰ ጎንደር ላይ ኳስ ይካሄድ ማለት ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኔም ዛሬውኑ አላልኩም፤ ከሰው ሕይወት የሚበልጥ ጨዋታ የለም። ይሁን እንጂ ክለቦች ከደጃቸው የተወሰዱት ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ሰላም ባለባቸው ከተሞች ያሉትም ቢሆኑ አብረው ተወስደዋል። ለዚህ ጦርነቱን ሰበብ ማድረግ አይቻልም።

የፕሪምየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር ካሜራውን ወደ ክለቡ ከተማ ይላክ እንጂ ክለቡ ካሜራውን እየተከተለ አይንከራተት። ሁሉም ካልተቻለ፣ ጸጥታው የሚፈቅድለት ክለብ በየዓመቱ ጥቂት ጨዋታዎችን በራሱ ሜዳ ያድርግ። ለጎንደርም ቀኑ ሲፈቅድ ቅድሚያ ይሰጠው፤ የ2013ቱን ዋንጫ ሜዳው ላይ ሆኖ ያላየ ሕዝብ የሚመለስለት ብድር አለው።