የአዳራሹ መብራት በአንድ ሰው ጣት ላይ አይንጠልጠል

አዲስ አዳራሽ ሲመረቅ ስለ ወንበሩ ብዛት፣ ስለ ድምፁ ጥራት፣ ስለ ስክሪኑ ስፋት ብዙ ይወራል። አንድ ጥያቄ ግን ሲነሳ አይሰማም፦ የመብራት ባለሙያው ለአፍታ ወጣ ባለበት ሰዓት ጭስ ቢታይ ወይም ግርግር ቢነሳ፣ አዳራሹን ማን ያበራዋል?

በብዙ ዘመናዊ አዳራሾች የመድረኩም የተመልካቹም መብራት የሚታዘዘው ከአንድ ኮንሶል ነው። ኮንሶሉ ያለበት ክፍል ይቆለፋል፤ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። በሩ ላይ የቆመው አስተናጋጅ ግድግዳውን ቢዳስስ የሚጫነው ነገር አያገኝም።

መፍትሄው ውድ አይደለም። ብዙ የሙያ ኮንሶሎች ከጀርባቸው ለውጭ ማብሪያ የተዘጋጀ መሰኪያ አላቸው። ከዚያ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተስበው በሩ አጠገብ ካለ መጫኛ ጋር ይያያዛሉ። መጫኛው ሲነካ ኮንሶሉ አስቀድሞ የተመዘገበለትን «አዳራሹን አብራ» የሚል ትዕዛዝ ይፈጽማል።

ሥራው ግን እንደ ቤት ማብሪያ አይታይ። ይህ ማብሪያ ኃይል አይሸከምም፤ ምልክት ብቻ ያቀብላል። በልማድ 220 ቮልት የተሳበበት ዕለት ኮንሶሉ ይቃጠላል፣ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። መጫኛው የራሱ ኤሌክትሪክ የሌለው «ደረቅ ኮንታክት» ይሁን፤ ሽቦው ከኃይል መስመር ተለይቶ ይዘርጋ። የትኛው ፒን ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚወስነው የአምራቹ መመሪያ እንጂ ግምት አይደለም።

«ማንም እየተነሳ ትርኢቱን ያበላሽብናል» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው። ስለዚህ መጫኛው ክዳን ይኑረው፤ ማብራት እንጂ ማጥፋት አይቻለው። የተበላሸ ትዕይንት ነገ ይደገማል፤ በጨለማ የተረገጠ ልጅ ግን አይመለስም።

ይህ ማጋነን የሚመስለው ካለ ቺካጎን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1903 በኢሮኮይስ ቴአትር ከመድረክ መብራት የተነሳ እሳት መጋረጃውን ያዘ፤ አዳራሹ ጨለመ፤ በሮቹ ለመክፈት አስቸገሩ። ከ600 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

አንድ ነገር ግን አይምታታ። የግድግዳው መጫኛ የአደጋ ጊዜ መብራትን አይተካም። ኮንሶሉ መብራቶቹን የሚያዝበት ዲኤምኤክስ 512 እ.ኤ.አ. በ1986 ለትርኢት የተዘጋጀ ዘዴ ነው፤ በመሠረቱ ይናገራል እንጂ መልስ አይሰማም። ኮንሶሉ ከሞተ መጫኛውም አብሮ ይሞታል። የመውጫ መብራቶች በራሳቸው ባትሪ፣ ከኮንሶሉ ውጭ መብራት አለባቸው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለእኛ መንገር አያስፈልግም።

አዳራሽ የምታስተዳድሩ፣ የምትከራዩ፣ ሠርግና ስብሰባ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ባለሙያው ባይኖር ማን፣ ከየት ያበራዋል?» መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ እፊታችሁ ያብሩት። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።