በሕንድ የሕክምና ኮሌጅ በር ማን ይገባል?

«በሕንድ አገር ሐኪም የሚኮነው በዘር ነው፤ ጎበዙ ውጭ ቀርቶ ሰነፉ ይገባል» የሚል ንግግር በምግብ ቤት ወረፋና በመኝታ ቤት ክርክር ላይ ይሰማል። ተናጋሪው ብዙ ጊዜ ነገሩን አያውቀውም፤ ወሬው ግን ይጣፍጠዋል። የሚጣፍጥበትም ምክንያት ስውር አይደለም። በእኛም አገር ለሴት ተማሪዎችና ከአርብቶ አደር አካባቢ ለሚመጡ ወንድሞቻችን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ዝቅ ሲደረግ ስለ ቆየ፣ ሕንድን የሚያማው ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን ተማሪ በጎን መንካቱ ነው። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ሕንድ ነው። ሚዛኑን «ዓባይ ነው» ከማለት አስቀድሞ እንዴት እንደሚመዝን ማየት ይገባል። ነገሩን ተመልክቼ የደረስሁበት አሳብም ይህ ነው፦ በሕንድ የሕክምና ትምህርት ችሎታን የሚያራክሰው ለተናቁ ወገኖች የተከለለው ቦታ ሳይሆን በገንዘብ የሚገዛው ቦታ ነው፤ ጩኸቱ ግን ዘወትር የሚሰማው በመጀመሪያው ላይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ካስት የሚባለው ነገር ለእኛ እንግዳ ሊመስለን አይገባም። ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ጀበና ቡና እየጠጣን፣ ቀጥቃጩ ባወጣው ማረሻ እያረስን፣ ከቤታቸው ገብቶ መብላትንና ልጃቸውን ማግባትን እንደ ነውር የቆጠርን ሰዎች ነን። በሕንድ ይኸው ንቀት ከሃይማኖት ሥርዓት ጋር ተጋምዶ፣ በየመንደሩ ተዘርግቶ፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ኖረ። «አይነኬ» የተባለው ሰው ከመንደሩ ጉድጓድ ውሃ እንዳይቀዳና ከቤተ መቅደስ እንዳይገባ ይከለከል ነበር። የ1950ው ሕገ መንግሥት ይህን አይነኬነት ሻረው፤ የአርቃቂው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ዶክተር አምቤድካርም ከእነዚሁ ወገኖች የተወለዱ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ሕግ የሻረውን ሁሉ ልማድ ወዲያው አይሽረውም።

የሕክምና ኮሌጅ ጉዳይ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አብሮ ያደገ ክርክር ነው ማለት ይቻላል። በማድራስ ክፍለ ግዛት ከነጻነት በፊት የጀመረ አንድ ደንብ ነበር። በዚህ ደንብ መሠረት ከ14 የኮሌጅ ቦታዎች 6ቱ ብራህሚን ላልሆኑ ሂንዱዎች፣ 2ቱ ወደ ኋላ ለቀሩ ሂንዱዎች፣ 2ቱ ለብራህሚኖች፣ 2ቱ «ሃሪጃን» ይባሉ ለነበሩት፣ 1ዱ ለክርስቲያኖችና ለአንግሎ ሕንዶች፣ 1ዱ ለእስላሞች ይሰጥ ነበር። ቻምፓካም ዶራይራጃን የምትባል የብራህሚን ወገን ሴት ይህ ደንብ ከሕክምና ኮሌጅ ያስቀረኛል ብላ ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1951 ፈረደላት፤ ደንቡም ፈረሰ። (ሴትዮዋ ለኮሌጁ ማመልከቻ እንኳ አላስገባችም ነበር፤ የሕግ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቀልድ ያውቃል።) ፓርላማው ግን በዚያው ዓመት ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ፣ መንግሥት ወደ ኋላ ለቀሩ መደቦች ልዩ ድንጋጌ ማውጣት ይችላል የሚል አንቀጽ ጨመረ። የሕንድ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ የኮሌጅ ወንበር ነበር። በ1962 ደግሞ የማይሶር ክፍለ ግዛት ከሕክምናና ከምህንድስና ኮሌጆች 68 በመቶውን በመከለሉ ተከሶ ተረታ፤ ዳኞቹም ክለላው በጠቅላላው ከግማሽ በታች ሊሆን ይገባል አሉ። በ1992 ዘጠኝ ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት ይህን የ50 በመቶ ወሰን አጸናው።

ዛሬ ደንቡ እንዴት ይሠራል? ወደ ሕክምና ኮሌጅ ለመግባት የሚፈልግ ሁሉ «ኒት» የሚባለውን አንድ አገር አቀፍ ፈተና ይፈተናል፤ ውጤቱ ከ720 ነጥብ ይታሰባል። በ2024 ለፈተናው የተቀመጡት ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ የነበረው ቦታ ግን ከ100,000 ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ከዚህም የመንግሥት የሆነው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። በክፍለ ግዛት የመንግሥት ኮሌጆች ካለው ቦታ 15 በመቶው ከመላ አገሪቱ ለሚመጣ ተወዳዳሪ ይቀርባል፤ 85 በመቶውን ክፍለ ግዛቱ በራሱ ደንብ ይመድባል።

አገር አቀፉን ድርሻ በምሳሌ እንየው። 200 ቦታ አለ እንበል። 15 በመቶው፣ ማለት 30ው፣ ዳሊት ለሚባሉት በመዝገብ ለሰፈሩ ካስቶች ነው። 7.5 በመቶው ማለት 15ቱ በመዝገብ ለሰፈሩ ነገዶች ነው። 27 በመቶው ማለት 54ቱ «ሌሎች ወደ ኋላ የቀሩ መደቦች» ለሚባሉት ነው። 10 በመቶው ማለት 20ው ከእነዚህ ከሦስቱ ውስጥ ላልሆነ ድሀ ነው። የቀረው 81 ቦታ ክፍት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል፤ 81ዱ የከፍተኛ ካስቶች ድርሻ ይመስለዋል። አይደለም፤ የሁሉም ነው። አንድ የዳሊት ልጅ በነጥቡ ብቻ ከ81ዱ ውስጥ ለመግባት ከበቃ ከ30ው ላይ አይቀነስበትም። እንዲያውም የበለጠውን ኮሌጅ ለማግኘት ብሎ በወገኑ ድርሻ ቢመርጥ እንኳ ከድርሻው እንዳይቆጠርበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1996 በሕክምና ኮሌጅ ጉዳይ ላይ ወስኗል። ለአካል ጉዳተኞች የተመደበው 5 በመቶ ደግሞ ሌሎቹን መደቦች ሁሉ አግድም የሚያቋርጥ ነው፤ ዓይነ ስውር፣ መስማት የተሳነው ወይም አካሉ የጎደለው ተማሪ በየራሱ መደብ ውስጥ ቦታ ያገኛል እንጂ ሌላ ስድስተኛ መደብ አልተፈጠረለትም።

ወደ ኋላ ከቀሩት መደቦች ውስጥም ቢሆን የከበረ ቤተ ሰብ ልጅ አይገባም። ሕንዶች ይህን ክፍል «የወተቱ ስልባቦት» ይሉታል፤ ስልባቦቱ ተገፎ ይነሣል። ወሰኑ ከ2017 ወዲህ በዓመት 800,000 ሩፒ ገቢ ነው።

አሁን ወደ ችሎታ ክርክር እንምጣ። የዳሊት ተማሪ ከክፍቱ መስመር ባነሰ ነጥብ ይገባል፤ ይህ እውነት ነው፤ መካድም አያስፈልግም። ነገር ግን ዝቅ ያለው የመግቢያው ነጥብ እንጂ የመውጫው አይደለም። አራት ዓመት ተኩል ያንኑ ትምህርት ተምሮ፣ ያንኑ ፈተና በዚያው የማለፊያ ነጥብ አልፎ፣ አንድ ዓመት በሆስፒታል ሠርቶ ነው ሐኪም የሚባለው። ሬሳ ሲያጠኑ የተለየ ሬሳ አይሰጠውም፤ የፈተናው ወረቀትም ካስቱን አይጠይቅም።

ወደ ሌላው በር ዞር ብለን እንይ። በ2023 ለክፍቱ መደብ ፈተናውን አልፏል የሚያሰኘው ዝቅተኛ ነጥብ ከ720ው 137 ነበር። በዚያው ዓመት በአገር አቀፉ ድርሻ ከመንግሥት ኮሌጅ ለመግባት የክፍቱ መደብ ተወዳዳሪ ከ600 በላይ፣ የዳሊት ተማሪ ከ400 በላይ ያስፈልገው ነበር። ታዲያ 137 ያገኘው ሰው ምን ያደርጋል? ገንዘብ ካለው ከግል ኮሌጅ መግባት ይችላል። ለሙሉ ትምህርቱ ከ10 ሚሊዮን ሩፒ በላይ የሚያስከፍሉ አሉ። 500 ያገኘ የመምህር ልጅ ይህን መክፈል ስለማይችል ይቀራል፤ ያ ግን ስቴቶስኮፑን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 የግል ኮሌጆች እስከ 15 በመቶ የሚሆን ቦታ በውጭ አገር ለሚኖሩ ሕንዶች እንዲይዙ ፈቅዷል። በ2024 የፑንጃብ መንግሥት ይህን አስፍቶ የአጎትንና የአክስትን ዘመድ ሁሉ «የውጭ ነዋሪ» ሊያደርገው ሲሞክር፣ ፍርድ ቤት ማጭበርበር ነው ብሎ አገደው። ወደ ኋላ ለቀሩ መደቦች የሚሰጠው ክለላ ሐኪምን ያበላሻል ብሎ በ2006 በኒው ዴልሂ ጎዳና የወጣው የሕክምና ተማሪ በዚህ በገንዘብ ኮታ ላይ ያን ያህል ሲጮኽ አልተሰማም። ይህን ዝምታ ልብ በሉልኝ።

ደግሞስ ነጥቡ ራሱ ምን ይለካል? የታሚል ናዱ ክፍለ ግዛት ታሪክ ይህን ጥያቄ ከማንም ይልቅ አጥብቆ ያነሣል። ይህ ክፍለ ግዛት 69 በመቶ ይከልላል፤ ከ50ው ወሰን ያለፈ ቢሆንም በ1994 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጥበቃ ተደርጎለታል። ለብዙ ዓመታትም የመግቢያ ፈተናን አስወግዶ ተማሪን ይቀበል የነበረው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ነበር። በ2017 «ኒት» ግድ ሆነ። በዚያ ዓመት ከአሪያሉር የመጣች የአንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ፣ ዳሊት፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከ1,200 ነጥብ 1,176 አግኝታ ነበር፤ በአዲሱ ፈተና ግን ከ720 ያገኘችው 86 ብቻ ሆነ። እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዳ አቤት አለች፤ አልሆነላትም። በመስከረም ወር መግቢያ ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች። ሰነፍ ነበረች የሚል ካለ 1,176ቱን ያስረዳኝ። ልዩነቱ ሌላ ነው፤ ለኒት የሚያዘጋጀው የግል ማስጠኛ ቤት ነው። ማስጠኛ ቤቱ ገንዘብ ይጠይቃል፤ አንድና ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀምጦ ደጋግሞ መፈተንን ይጠይቃል። የቀን ሠራተኛ ልጅ ይህን ከየት ታመጣለች? ክፍለ ግዛቱ በዳኛ ኤ. ኬ. ራጃን ሰብሳቢነት ያቋቋመው ኮሚቴ በ2021 ባቀረበው ሪፖርት፣ ከኒት ወዲህ የገጠሩ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቱና በታሚል ቋንቋ የተማረው ልጅ ድርሻ መቀነሱን ገልጿል። በ2020 ታሚል ናዱ ከድርሻው 7.5 በመቶውን በመንግሥት ትምህርት ቤት ለተማሩ ልጆች ለየ፤ ከዚያ በፊት በጣት የሚቆጠሩ ይገቡ የነበሩት በመቶ ወደሚቆጠሩ ተሻገሩ። ይህ ከሁሉ ይልቅ የወደድሁት ክለላ ነው፤ የሚያየው የተማሩበትን ወንበር ነውና።

የፈተናው ንጽሕና ራሱ በ2024 ተነክቷል። ጥያቄው በሃዛሪባግና በፓትና አስቀድሞ መውጣቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምኖ፣ ስርቆቱ አገር አቀፍ አይደለም በማለት ፈተናው እንዳይደገም ወስኗል።

ክለላው እንከን የለበትም አልልም። አንደኛው እንከን በሩን ከፍቶ ከውስጥ ያለውን አለማየቱ ነው። በ2006 ተቋቁሞ በ2007 ሪፖርቱን ያቀረበው የፕሮፌሰር ሱካዴዎ ቶራት ኮሚቴ በኒው ዴልሂ ወዳለው የመላ ሕንድ የሕክምና ሳይንስ ተቋም ገብቶ ሲጠይቅ፣ የዳሊትና የነገድ ተማሪዎች በመኝታ ቤት እንደሚገለሉ፣ ከመምህራንም የማበላለጥ ነገር እንደሚደርስባቸው ነገሩት። እነዚህ ልጆች የአገሪቱን ከባድ ፈተና አልፈው የገቡ ናቸው፤ ጓደኞቻቸው ግን አብረዋቸው ለመብላት ተጸየፉ። ነገ በሽተኛ የሚዳስሱት እነዚሁ ተጸያፊዎች አይደሉምን?

ሁለተኛው እንከን የ10 በመቶው ነገር ነው። በ2019 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመጣው ይህ ድርሻ ለድሆች ነው ተባለ፤ ነገር ግን ከዳሊት፣ ከነገድና ወደ ኋላ ከቀሩት መደቦች የተወለደ ድሀ አይገባበትም። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ አጸናው፤ የተቃወሙት ሁለቱ ዳኞች ድሀውን በትውልዱ ከድሆች ድርሻ ማግለል መሆኑን ጽፈዋል። እኔም ከሁለቱ ጋር ነኝ። ድሀ የተባለበትም የገቢ ወሰን ያው 800,000 ሩፒ ነው፤ በአንዱ መደብ የባለጸጋ ስልባቦት የሚጀምርበት ቁጥር በሌላው መደብ የድህነት ጣሪያ ሆኖ ተቀመጠ!

ሦስተኛው፣ በየመደቡ ውስጥ ቀድመው የተነሡት ወገኖች ቦታውን መሻማታቸው ነው። ፑንጃብ ከ1975 ጀምሮ ከዳሊቶች መካከል ባልሚኪና ማዝሃቢ ሲኮች ለሚባሉት ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። የክፍለ ግዛቱ ነገር ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ፣ በነሐሴ 2024 ሰባት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት ስድስት ለአንድ በሆነ ድምፅ በመደቡ ውስጥ መከፋፈል ይቻላል አለ። ጠራጊው ልጅ ከጸሐፊው ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ እንዲሻማ ማድረግ ተገቢ አለመሆኑ በዚህ ታወቀ።

27 በመቶ የሚለው ቁጥር ራሱ ከየት መጣ? በ1980 የማንዳል ኮሚሽን ወደ ኋላ የቀሩት መደቦች ከሕዝቡ 52 በመቶ ያህል ናቸው ብሎ ገመተ። ካስት ሙሉ በሙሉ የተቆጠረው ለመጨረሻ ጊዜ በ1931 በእንግሊዞች ዘመን ስለ ነበረ ግምቱ ያረፈው በዚያ ቆጠራ ላይ ነው። 22.5 በመቶው ለዳሊትና ለነገድ አስቀድሞ ስለ ተያዘ፣ ከ50 በታች ለመሆን የቀረው 27 ብቻ ሆነ። የሕንድ መንግሥት በሚቀጥለው የሕዝብ ቆጠራ ካስት እንደሚቆጠር በ2025 አስታውቋል። ቆጠራው ሲያልቅ በ1931 ልክ የተሰፋው ልብስ በዛሬው ሕዝብ ላይ ምን ያህል እንደ ጠበበ ወይም እንደ ሰፋ ይታያል፤ በየኮሌጁ ደጃፍ ያለው ክርክርም ያን ጊዜ አዲስ ቁጥር ይዞ ይነሣል።