እርከኑን ያፈረሰው ገበሬው አይደለም

በአማራ ክልል ተራሮች ላይ በየበጋው፣ በተለይ በጥርና በየካቲት፣ የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራ የሚቆመው በገበሬው ነፃ ጉልበት ላይ ነው። ቀወት የዚህ ሥራ አስፈላጊነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ወረዳዎች አንዱ ነው። በዚያው ያለችው ሸዋሮቢት ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ወደ ምዕራብ ዳገቱን ለወጣ ሰው የመንዝና የጣርማበር አናት ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ማሽላው፣ ጤፉ፣ ማሾውና ሽንኩርቱ ያለው ከታች ሜዳው ላይ ነው፤ ክረምት ሲገባ አሸዋና ድንጋይ ጭኖ ማሳ ላይ የሚያራግፈው ጎርፍ ግን ከላይ ይነሳል። ዳገቱ ካልተያዘ ሜዳው አያስተማምንም። በዚህ ላይ ክርክር የለም። የሚያስቆጣው ዘመቻው ካለቀ በኋላ በግምገማ መድረክና በሪፖርት ላይ በየዓመቱ የሚደገመው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የተሠሩ ሥራዎች የሚፈርሱት «ማህበረሰቡ የባለቤትነት ስሜት ስለሚጎድለው» ነው ይባላል። ሲቆፍር ውሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አምስት ሳንቲም ሳይቀበል ቤቱ የገባን ሰው ስሜት ጎድሎሃል ማለት በደል ነው። ከበደሉም በላይ እውነተኛውን ምክንያት ይሸፍናል።

እርከን እንዴት እንደሚፈርስ ዳገት ለዳገት የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ቀያሽ ገበሬዎች በሲባጎና በውሃ ልክ መስመሩን ያወጣሉ፤ ድንጋዩ ይደረደራል፤ ከበላዩ ያለው ቦይ ውሃውን ይይዛል። በመጀመሪያው ክረምት ቦዩ ደለል ይሞላል። ከዚያ ከብት ሲሻገር አንድ ድንጋይ ይነቀላል። ክፍተቱ ከአንድ ክንድ አይበልጥም፤ ነገር ግን በእርከኑ ርዝመት ሁሉ ተጠራቅሞ የቆየው ውሃ መውጫ የሚያገኘው በዚያች ክፍተት ነው። ቀድሞ ተበታትኖ ይወርድ የነበረው አሁን ተሰብስቦ ይወርዳል፤ ከሥር ያለውን እርከን አንድ ቦታ ላይ ይመታዋል፤ ያም ይናዳል፣ ሦስተኛውም ይከተላል። እርከኑ ባይሠራ ኖሮ ያልነበረ ቦረቦር በጥቂት ክረምት ውስጥ ይከፈታል። ይህን ለማዳን ሰኔ ሳይገባ አንድ ሰው የተነቀለውን ድንጋይ ቦታው መልሶ ደለሉን ቢጠርግ ይበቃ ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ይህ የግማሽ ቀን ሥራ በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ የለውም። የሚቆጠረው አዲስ የተሠራ እርከን በኪሎ ሜትር፣ የተሸፈነ መሬት በሄክታር፣ የወጣ ጉልበት በሰው ቀን ነው፤ ከዚያም ሁሉ ተደምሮ በብር ይተመናል። ወረዳ ከወረዳ የሚወዳደረው በዚህ ቁጥር ነው። የጥገና ቁጥር ቢገባም ከሥር የሚገባ ተቀጥላ ነው፤ በጥገና የተሸለመ ወረዳ አይታወቅም። እንዲህ ባለ ሚዛን የሚመዘን ኃላፊ ያለፈውን ዓመት እርከን ከሚያስጠግን ይልቅ ከጎኑ አዲስ ቢያስቀይስ ይሻለዋል። ጥገናን ከዕቅዱ ያወጣው ዕቅድ አውጪው ሆኖ ሳለ ጥፋቱ ወደ ገበሬው ስሜት ይወረወራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ፣ በተለይም በ1970ዎቹ፣ በወሎ፣ በሰሜን ሸዋና በትግራይ ተራሮች ላይ በምግብ ለሥራ ስፍር ቁጥር የሌለው እርከን ተሠርቷል። ለአንድ ቀን ሥራ የሚሰጠው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። የት ይሠራ፣ እንዴት ይሠራ የሚለውን የሚወስነው ሌላ ነበር፤ ገበሬው የተጠየቀው ጉልበቱን ብቻ ነው። በ1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ፣ በ1983 ደርግ ሲወድቅ ብዙው እርከን ታረሰ፤ በየኮረብታው የተተከለው ደንም ተቆረጠ። ያን ጊዜም ገበሬው አላዋቂ ተባለ። ገበሬው ግን የሚያነሳው ምክንያት ነበረው። እርከን ከጠባብ ማሳ ላይ መሬት ይበላል፤ በሬ ለማዞር አይመችም፤ ድንጋዩ የአይጥ መጠለያ ይሆናል፤ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ደግሞ ውሃው ተኝቶ ሰብሉን ያበሰብሳል። በደብረ ሲና አቅራቢያ አንዲት ጥድ በሚባል ቦታ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ ኖሯል። ለአንዱ ዳገት የሚበጀው ለሌላው እንደማይበጅ ለማወቅ የጎደለ እውቀት የለም። የጎደለው ገበሬውን መስማት ነው።

ዘመቻው ፈጽሞ የማያየው ደግሞ የእግር መንገዱን ነው። ከመንዝና ከጣርማበር ቀወት ወዳለበት የይፋት ቆላ የሚወርዱት መንገዶች ገብስና ባቄላ ወደ ታች፣ ማሽላ ወደ ላይ ሲመላለስባቸው የኖሩ ናቸው። አህያ የተረማመደበት ሣር ይነቀላል፤ አፈሩ ይጠበጠባል፤ መንገዱ ከግራና ቀኙ መሬት ዝቅ ይላል። ክረምት ላይ ውሃ ዝቅ ያለውን ይመርጣልና መንገዱ ራሱ ወንዝ ይሆናል። ሰውና ከብት ጎርፍ የቦረቦረውን ትተው በጎኑ ሌላ ያወጣሉ፤ እሱም በተራው ይቦረቦራል። በብዙ ዳገት ላይ አንዱ ከሌላው ጎን የተሰለፉት ቦረቦሮች መነሻቸው የተተወ መንገድ ነው። መድኃኒቱ በመንገዱ ላይ በየተወሰነ ርቀት ጠፍጣፋ ድንጋይ ሰያፍ አድርጎ ቀብሮ ውሃውን ወደ ጎን ወደ ሣሩ ማስወጣት፣ በየዓመቱም አፉን መጥረግ ነው። መንገዱ ግን የማንም ማሳ አይደለም፤ በሄክታር አይለካም፤ ስለዚህ ማንም አይነካውም። ከሥሩና ከላዩ እርከን ተደርድሮ መሃሉን መንገዱ ሲሰነጥቀው ማየት ያንገበግባል።

ከእርከኑ ቀጥሎ የሚመጣው «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» የሚባለው ክልል ነው። ዳገቱ ሲከለል ሣሩ በፍጥነት ይመለሳል፤ ይህ በዓይን የታየ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሣሩን ማን ያጭደዋል? በምን ወር? ንብ ሊያረባበት የሚፈልግ ማንን ይጠይቃል? ፍየል ይዞ ከከለላው የተያዘ ሲቀጣ ቅጣቱ የማን ገቢ ይሆናል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ በሌለበት ቦታ ከብቶቹ ማታ ማታ ከለላው ውስጥ ይገባሉ። ገበሬው ለሚያጭደው ሣር ዋስትና ሳይሰጠው ስሜት እንዲሰማው መጠየቅ ትርጉም የለውም።

ዋስትና ካለ ሰው ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከቀወት ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ከዳገቱ በላይ መንዝ ውስጥ የሚገኘው ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የሣር ምድር ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። የመንዝ ቀደምት አባቶች የሚባሉት የአስቦና የጌራ ዘሮች በመረጧቸው አለቆች እየተመሩ ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲደርስ በታወቀ ቀን ይከፍቱት ነበር፤ ያለ ጊዜው ያጨደ ይቀጣል። ማን ተጠቃሚ እንደሆነ፣ ማን ጠባቂ እንደሆነ የታወቀ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ የአካባቢው ሕዝብ በኋላ በኮሚቴ መልሶ አቋቋመው፤ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የማህበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። እርግጥ የድሮው ሥርዓት ርስት የሌለውን ያገለለ ነበርና እንዳለ ይመለስ አይባልም። ያም ሆኖ የመንዝ ሰው ከይፋት ሰው የተለየ ስሜት ይዞ አልተወለደም። የያዘው መብት ነው።

ያለ ግዴታ ሰው አይወጣም የሚለው መከራከሪያ ደቦንና ወንፈልን ይረሳል። በሁለቱም ሰው የሚወጣው የማን ሥራ እንደሆነ፣ ነገ ማን ለእሱ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው። ዘመቻው ላይ በብዙ ቀበሌ የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ተቀጥቶ የሚወጣ ሰው ጉልበት ሪፖርት ላይ «በጎ ፈቃድ» ተብሎ መጻፉ ደግሞ ቃሉን ያረክሰዋል። በጎ ፈቃድ ለረጅም ዘመን የዘለቀበት ቦታ ሁሉ ሥራው ተከፋፍሎ የተሰጠበት ነው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ተራሮች 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የአፓላቺያን የእግር መንገድ በ30 ገደማ ማህበራት ተከፋፍሎ ይጠበቃል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ውሃ መውረጃውን የሚጠርግለት ተጠሪ አለው። ይህን ለማድረግ ሀብታም አገር መሆን አይጠይቅም።

ቀወት ላይ ሊደረግ የሚችለው ቀላል ነው። የዘመቻው ቀን ግማሹ ለጥገና ይዋል፤ አዲስ እርከን የሚቀየሰው የአምናው ተፈትሾ ካለቀ በኋላ ብቻ ይሁን። እያንዳንዱ ጎጥ የታወቀ ዳገትና የታወቀ የእግር መንገድ ይሰጠው፤ ከዚያ ዳገት የሚታጨደው ሣር የጎጡ መሆኑ በጽሑፍና በማኅተም ይረጋገጥ። ፍተሻው ግንቦት ውስጥ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ይደረግ። ከዳገቱ ወደ ሜዳው የሚወርደው የሮቢ ወንዝ የወረዳ ወሰን አያውቅምና፣ በሜዳው ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬ ከላይ በጣርማበር ወይም በመንዝ ድንጋይ ለሚያነሳው ሰው የሚያዋጣው ነገር በሁለቱ ወረዳዎች ስምምነት ይወሰን፤ የላይኛው ገበሬ የታችኛውን ማሳ የሚጠብቀው የራሱን መሬት ሰጥቶ ነው።