ከሕፃን ልጅ ጋራ በሐይቅ ዳር ስለ ማረፍ

ሥራ የበዛበት ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ከከተማ ወጥቶ ለጥቂት ቀን በሐይቅ ዳር ማረፉ ለገላውም ለአሳቡም የሚጠቅም መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ዓመት ከመንፈቅ ወይም ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ ያለበት ቤተ ሰብ ለዕረፍት ሲነሣ የሚያገኘው ዕረፍት ነው ወይስ አዲስ ድካም ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ እንደ አካሄዱ ነው። በወንጌል እንደምናነበው፥ ሐዋርያት እንጀራ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ ጥቂት ሊያርፉ በታንኳ ወደ ምድረ በዳ ቢሄዱ ሕዝቡ በእግሩ ሮጦ ቀድሟቸው ደረሰ። ሕፃን ይዞ የሚጓዝም ሰው እንደዚሁ ነው፤ ከቤት ትቼው መጣሁ ያለው ሥራ በሐይቁ ዳር ቀድሞ ይቆየዋል።

አስቀድሞ የሚታሰበው የቦታው ነገር ነው። ለአዲስ አበባ ሰው የሚቀርበው ቢሾፍቱ ነው፤ መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ስለማይሞላ ሕፃኑ አንድ እንቅልፍ ሳይጨርስ ይደረሳል። ይሁን እንጂ የቢሾፍቱ፥ የሆራና የባቦጋያ ሐይቆች በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ናቸውና ዳራቸው ገደላማ ነው፤ ውኃውም ከዳር ብዙ ሳይርቅ ይጠልቃል። ለሚቀመጥና አሻግሮ ለሚያይ ሰው እጅግ ያማሩ ናቸው፤ መራመድ ለጀመረ ልጅ ግን ዕለቱን ሙሉ «ና ተመለስ» የሚባልበት ስፍራ ነው። ሐዋሳ ሰፊና ደስ የሚያሰኝ ከተማ ያለበት ነው፤ ነገር ግን በዚያ ያሉት ጦጣዎች ከልጅ እጅ ዳቦ መንጠቅን ለምደዋል፤ አባ ኮዳ የሚባለውም ትልቅ ወፍ ዓሣ ከሚሸጥበት ዳር አይጠፋም፤ ቁመቱ ከልጁ ይበልጣል።

እኛ ብንጠየቅ ላንጋኖን እንመርጣለን። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዳሩ የሚከራዩ ጎጆዎች አሉ፤ በብዙ ስፍራም ዳሩ አሸዋ ነው። ለሕፃን የሚስማማበት ሌላም ምክንያት አለው። ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ የሚተላለፈው በትንንሽ ቀንድ አውጣ ካደገ በኋላ በውኃ ውስጥ ሆኖ የሰውን ቆዳ በሚበሳ ትል ነው፤ በጣና፥ በዝዋይና በሐዋሳ ዳር መኖሩ ተመርምሮ ታውቋል፤ ላንጋኖ ግን ከዚህ በሽታ ነጻ በመሆኑ የታወቀ ነው። (ይህን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድለው በ1964 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዐድዋ ላይ የተረዱት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሞቶ ማየታቸው ነበር የምርምሩ መነሻ። በየቤታችን ጓሮ የነበረውን ነገር አስተውሎ ማየት እንዴት ያለ ጥቅም እንዳለው ያስረዳል።)

ነገር ግን የላንጋኖ ውኃ መልኩ ወተት እንደ ገባበት ሻይ ነው። ከደለሉ የተነሣ አንድ ስንዝር ከወረደ በኋላ ውስጡ አይታይም። በጠራ ውኃ ውስጥ የወደቀ ልጅ ይታያል፤ በዚህ ውስጥ ግን ጉልበት በማይሞላ ጥልቀት የወደቀውን ከአምስት እርምጃ ላይ ማየት አይቻልም። ከቀትር በኋላም ብዙ ጊዜ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ዳሩን ይመታል። እንግዲህ ከቢልሃርዝያ ነጻ ነው ብሎ ልብን ማሳረፍ አይገባም።

የምንጽፍበትም ዋናው ነገር ይህ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ከዕድሜ ሁሉ በውኃ የመሞት አደጋ የሚበረታው ከአንድ እስከ አራት ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤም በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ 18 ቀን በየዓመቱ የዚህ አደጋ መታሰቢያ እንዲሆን ወስኗል፤ በእኛ አገር ክረምት ስለ ሆነ ያን ጊዜ ወደ ሐይቅ የሚሄድ ጥቂት ነው፤ ወንዙና ጕድጓዱ ግን የሚሞላው ያን ጊዜ ነው። ብዙ ሰው የሚሰምጥ ልጅ ይጮኻል፥ ውኃ ይመታል ብሎ ያስባል። እንዲህ አይደለም፤ ሕፃን በውኃ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ለመስመጥም ሐይቅ አያስፈልገውም፤ በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ውኃ ተሞልቶ የተቀመጠ ባልዲ ይበቃል።

ይህነን ሁሉም ያውቃል፤ አደጋው የሚመጣው ግን ባለማወቅ ሳይሆን በሰው ብዛት ነው። የእኛ አገር ሰው ለዕረፍት ሲወጣ ብቻውን አይወጣም፤ አያት፥ አጎት፥ አክስት፥ ሞግዚት፥ ወጥ ቤትና ነጂ ይከተላሉ። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ልጁንም በፍቅር ያሳድገዋል። ነገር ግን በውኃ ዳር ልጅ የሁሉ የሆነ እንደ ሆነ የማንም አይሆንም። የምናውቀው አንድ ቤተ ሰብ ከፋሲካ በኋላ ወደ ላንጋኖ ወርዶ ሳለ አሥራ አንድ ዐዋቂዎች ቡና እየጠጡ ተቀምጠው ነበር። ሞግዚቲቱ ከእናቷ ጋራ ናት ትላለች፤ እናቲቱ ከአያቷ ጋራ ናት ትላለች፤ አያቲቱ ደግሞ አጎቷ ታቅፏት ሲሄድ ያዩ መሰላቸው። የሁለት ዓመቷን ልጅ አንድ እጇን ይዞ ያመጣት ፍየል ጠባቂ ብላቴና ነበር፤ እስከ ደረቷ ውኃ ውስጥ ቆማ አንድ ጫማዋን ለማጥመድ ትሞክር ነበር። አሥራ አንዱም ሰው እውነተኛ ሰው ነበር፤ አንዱም አልዋሸም።

በፍርድ ቤት መዝገብ ከአንዱ ጸሐፊ ወደ ሌላው ሲተላለፍ አስረካቢው አስረከብሁ፥ ተረካቢው ተረከብሁ ብሎ ይፈርማል። ያለ ፊርማ የተላለፈ መዝገብ ከጠፋ ግን ሁሉም እኔ ዘንድ አልነበረም ይላል፤ ሁሉም እውነት ይናገራል፤ መዝገቡ ግን የለም። ለወረቀት ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለልጅ እንዴት አንጠነቀቅም? ስለዚህ በሐይቅ ዳር ልጅን በቃል ማስረከብ ይገባል። የሚጠብቀው አንድ ሰው ይሁን፤ ተራውም ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፤ ተራው ሲያልቅ የሚቀጥለውን በስሙ ጠርቶ «ልጁን ተረከብ» ይበለው፤ ያም «ተረክቤአለሁ» ሳይል አይነሣ። ተራ ያለበት ሰው ከልጁ ክንድ በሚደርስበት ርቀት ይቀመጥ፤ ስልኩን ያስቀምጥ፤ ጠጅም ቢራም ቢቀርብ ተራው እስኪያልቅ ይቆየው። በነፋስ የተነፋ የጎማ ቀለበት መጫወቻ ነው እንጂ ጠባቂ አይደለምና በእርሱ መተማመን አይገባም።

አባትም ከዚህ ተራ አይቀር። በመኳንንትና በሹማምንት ዘንድ ልጅ መጠበቅ የሴትና የሞግዚት ሥራ ብቻ እንደ ሆነ ተቈጥሮ ኖሯል፤ እኛ ግን ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ተጕዞ ሚስቱን በቤቷ ከምትደክመው አብልጦ የሚያደክማት ሰው ለዕረፍት ሄድሁ ማለቱ አይገባንም። በቀን ሁለት ሰዓት ተራ የሚይዝ አባት ለባለቤቱ ሁለት ሰዓት የሙሉ እንቅልፍ ይሰጣታል፤ እርሷ ከዚህ የበለጠ ገጸ በረከት የምትፈልግ አይመስለንም። ልጁም አባቱ አሸዋ ሲቈፍር አይቶ የሚስቀውን ሳቅ በቢሮ ተቀምጦ ማግኘት አይቻልም።

አያቶቻችን ልጅ በቀትር ወደ ውኃ እንዳይወርድ ይከለክሉ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ጋኔን በውኃ ዳር ይቀመጣል ይሉ ነበርና። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማረ ሰው ልጁን በመስቀል ምልክት ያማትብበታል እንጂ ጋኔኑን አይፈራም፤ ትእዛዙ ግን ሊጠበቅ የሚገባው ነው። በቀትር ፀሓይ ይበረታል፤ ዐዋቂ ሁሉ በልቶ ያንቀላፋል፤ ልጁም ይነጫነጫል። ስለዚህ ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጁን ወደ ጎጆው አግብቶ ማስተኛት ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን የቀኑና የሌሊቱ ተደምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ይህ የጎደለበት ልጅ ደግሞ ማንንም አያሳርፍም። በቤቱ የለመደውን ትንሽ ጋቢና ኩባያ፥ የአጥሚቱንም ዱቄት ይዞ መሄድ ብዙ ልቅሶ ያስቀራል። በአንድ ጉዞ ሦስት ሐይቅ ልይ የሚል ሰው ልጁን ለእናቱ ዘመዶች ትቶ ይሂድ፤ ሕፃን የያዘ ግን በአንድ ጎጆ ይደር።

ጎጆውን ሲረከቡ ዕቃ ከማውረድ አስቀድሞ ማየት የሚገባው የበሩ መቀርቀሪያ ነው፤ ልጁ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ባልዲው ይደፋ። ሌሊት ቢበርድም የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ አይግባ፤ በዝግ ቤት የከሰል ጢስ ሰውን ተኝቶ ሳለ ይገድላል። የሚጠጣው ውኃ የፈላ ይሁን። ዝዋይ ላይ በመንገድ የሚበላው የቆሮሶ ጥብስ ጣፋጭ ነው፤ ለልጁ ግን አጥንቱ በጣት ተዳስሶ ካልወጣ አይሰጠው። ተቅማጥ የያዘው እንደ ሆነ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው ዱቄት አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ። ይህ ዱቄት ዋጋው ቀላል ነውና ከአዲስ አበባ ይዞ መነሣት ይሻላል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የቀረው የወባ ነገር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር የማይሞላ ስፍራ ሁሉ በአገራችን ለወባ የሚያሰጋ ነው፤ ላንጋኖ 1,600 ሜትር አይሞላም። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና ፀሓይ ሳትጠልቅ ልጁን እጅጌው ረጅም ልብስ አልብሶ፥ በመድኃኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ ማስተኛት ነው፤ አጎበሩም ከፍራሹ ሥር ይሸጐጥ። ሕመሙ ወዲያው አይገለጥም፤ ከተነከሰ ከሳምንት በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ዘግይቶ ይመጣል። ስለዚህ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ልጁን ትኩሳት የያዘው እንደ ሆነ ብርድ ነው ብሎ ሳያሳድሩ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይውሰዱት፤ ሐኪሙ ሳይጠይቅም የትኛው ሐይቅ ዳር፥ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንዳደሩ ይንገሩት። አዲስ አበባ ተቀምጦ ትኩሳት የያዘውን ልጅ የሚያይ ሐኪም ይህን ካልሰማ ወባን አስቀድሞ ላያስብ ይችላልና፥ ቀኑን በወረቀት ጽፎ መያዝ መልካም ነው።