«ኔትወርክ የለም» የምርመራ ውጤት አይደለም

በመማሪያ ክፍልም ሆነ በቢሮ ደጅ ዘወትር የምንሰማት አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አለች፤ «ኔትወርክ የለም» የምትል። እርሷ ከተነገረች በኋላ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። እኛ ግን ይህች አባባል የምትናገረው መመርመር ያቆምንበትን ቦታ ብቻ ነው እንላለን።

ሐሳባችንን ለማስረዳት የሚመቸን አንድ ያለፈ ቴክኖሎጂ ነው። እንደሚታወቀው የኢንተርኔት አገልግሎት በሀገራችን የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ብዙው ተጠቃሚ የሚገናኘው ሞደም በተባለ መሣሪያ አማካይነት በተራ የስልክ መስመር ነበር። ሞደም የኮምፒውተሩን አኃዛዊ መልእክት ወደ ድምፅ ሞገድ ለውጦ ይልካል፤ የሚመጣለትንም መልሶ ወደ አኃዝ ይለውጣል። የስልክ መስመር የተበጀው ለሰው ንግግር፣ ይኸውም ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ለሚደርስ ድግግሞሽ በመሆኑ፣ የሞደም ፍጥነት ቢበዛ 56 ሺህ ቢት በሰከንድ ነበር። መስመሩ ሲረዝም ወይም ጫጫታ ሲበዛበት ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። በሰከንድ 28,800 ቢት በሚያሳልፍ መስመር አንድ ሜጋባይት ለማውረድ 5 ደቂቃ ገደማ ይፈጅ ነበር።

አሁን በዚያ ዘመን ከአሜሪካ ላፕቶፑን ይዞ፣ ዘመዶቹን ለመጠየቅ ወደ ከምባታዋ ዶዮገና የመጣ አንድ መንገደኛ እናስብ። ገመዱን ከስልኩ ሶኬት ጋር አገናኝቶ እንዲደውል ሲያዘው፣ ላፕቶፑ «የመደወያ ድምፅ የለም» ብሎ ይመልስለታል። መንገደኛው መስመሩ ሞቷል ብሎ ሊደመድም ይችላል። ነገር ግን የስልኩን እጀታ አንሥቶ ቢያዳምጥ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማዋል። ታዲያ ጆሮ የሰማውን ሞደሙ ስለምን ሳይሰማ ቀረ?

በአሜሪካ የመደወያ ድምፅ የ350 እና የ440 ሄርዝ ሞገዶች ድምር ነው። በሌሎች ብዙ ሀገሮች ግን በ425 ሄርዝ አካባቢ ያለ አንድ ነጠላ ሞገድ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ እንዲጠብቅ የተዘጋጀ ሞደም ሁለተኛውን እንደ መደወያ ድምፅ ላይቆጥረው ይችላል። መፍትሔውም ቀላል ነበር፤ ከመደወሉ በፊት ድምፁን እንዲጠብቅ የሚያዝዘውን ምልክት ከቅንብሩ ማንሣት፣ ወይም «ኤክስ 3» የተባለውን ትእዛዝ ለሞደሙ መስጠት። መስመሩም ላፕቶፑም ጤነኞች ነበሩ፤ የጎደለው በመካከላቸው መኖር የሚገባው ስምምነት ነበር።

ግንኙነቱ ከዚህ በኋላም ቢቋረጥ ጥያቄዎቹ በተራ ይቀጥላሉ። ሞደሙ ደውሏልን? ማዶ ያለው ሞደም አንሥቷልን? ሁለቱ በዚያ በሚታወቀው ፉጨታቸው በፍጥነት ተስማምተዋልን? የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት አግኝቷልን? እያንዳንዱ መልስ ብልሽቱ ሊገኝ የሚችልበትን ስፍራ ያጠብበዋል። ይህ ደግሞ በቤተ ሙከራ የምንማረው ዘዴ ራሱ ነው፤ አንዱን ነገር ለይቶ መለወጥ፣ ሌላውን ባለበት ማቆየት፣ ውጤቱን መመዝገብ።

ዛሬ ላፕቶፖች የስልክ ሞደም ይዘው አይመጡም፤ ዘዴው ግን አላረጀም። ከውጭ ሀገር የመጣ የእጅ ስልክ ዶዮገና ሲደርስ አልገናኝ ቢል፣ ለሌላ ኩባንያ ሲም ካርድ ብቻ የተቆለፈ፣ የአካባቢውን ሞገድ የማይቀበል ወይም የኢንተርኔት ቅንብሩ ያልተስተካከለ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም «ኔትወርክ የለም» ያሰኛሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

«መብራት ሲጠፋና መስመር ሲቆረጥ የተማሪ ዕውቀት ምን ይፈይዳል?» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ የተበጠሰ ገመድ በምርመራ ብቻ አይቀጠልም። ሆኖም አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዳሉት፣ ብልሽቱን በስሙ ጠርቶ የሚያመለክት ሰው ተገቢውን ጥገና የመጠየቅ አቅም አለው። «ኔትወርክ የለም» ብሎ የሚያመለክት ግን «ይስተካከላል» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል።

ጉዳዩ የዋዛ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ሲሰጥ ቆይቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ተሰጥቷል። በፈተና ሰዓት ስክሪኑ ቀጥ ቢል፣ ችግሩ ከኮምፒውተሩ፣ ከክፍሉ ራውተር ወይስ ከውጭ ከሚመጣው መስመር መሆኑን በደቂቃዎች ውስጥ የሚለይ ሰው መኖር አለመኖሩ የብዙዎችን የልፋት ዋጋ ይነካል።

ስለሆነም በሆሳዕና በሚገኘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች፣ እንዲሁም በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች፣ የኮምፒውተር ትምህርት ሆን ተብሎ የተበላሸ መሣሪያ ለተማሪው ሰጥቶ «የቱ ጋ ነው?» ብሎ የሚፈትን እንዲሆን እንጠይቃለን። በየኮምፒውተር ክፍሉም አንድ የብልሽት መዝገብ ይቀመጥ፤ የታየው ምልክት፣ የተሞከረውና የተገኘው ይጻፍበት። ለዚህ ከአንድ ደብተርና ከአንድ እስክሪብቶ የበለጠ ወጪ አያስፈልግም። ተማሪዎችም ይህን ሥራ መምህራንን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ጀምሩት እንላለን።