የማታውን መደብ አትከልክሉን



በቅርቡ በዚሁ ገጽ አንድ አንባቢ፣ ገበያ ሲፈታ በርካሽ የሚሸጠው የወደቀ አትክልት የበሽታ ምንጭ ስለሆነ ደንብ አስከባሪ ይሰብስበው ብለው ጽፈው ነበር። አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እኚህ ሰው አመሻሽ ላይ ቡታጅራ ገበያ ወርደው የሚያውቁ አልመሰለኝም። እኔ በየሳምንቱ እወርዳለሁ፤ ዘንቢሌም ሞልቶ ይመለሳል። የተበላሸ ምግብ ይሸጥ አልልም። እያረጀ ያለ ነገር ማርጀቱ እየተነገረ፣ ለብቻው ተመድቦ፣ በራሱ ዋጋ ይሸጥ ነው የምለው። መሰብሰብ ካለበት ከጥሩው ጋር ተደባልቆ በጥሩው ዋጋ የሚሸጠው ነው።

የወደቀ የሚባለው ከየት እንደሚመጣ ልናገር። ቲማቲሙ ከዝዋይና ከመቂ በኩል በአይሱዙ ተጭኖ፣ በእንጨት ሣጥን ይመጣል። ሣጥን በሣጥን ላይ ተደርቦ መንገዱ ሲንጠው የሥሩ ይጨፈለቃል፣ የጎኑ ይላጣል። ሻጯ ሣጥኑን ስትከፍት ትለየዋለች፤ ጠንካራው ለሆቴልና ለመንገደኛ፣ የበሰለው ለዕለቱ፣ የፈረጠው ወደ ጎን። እስከ ቀትር ያንን የጎኑን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ከአሥር ሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሻጯ ቤት ገጠር ነው፤ ጋሪው ቆሞ ይጠብቃታል፤ ዕቁቧን መጣል አለባት። ለስላሳ ቲማቲም ቤቷ ብትመልሰው ለነገ አይደርስላትም። ያኔ ነው በአንድ ኪሎ ዋጋ ሦስት ኪሎ የሚሰጠው፣ አንዳንዴም «በቃ ጠቅልለሽ ውሰጂው» የሚባለው። ሰው ካልወሰደው የገበያው ፍየሎች አሉ። እነሱ ዋጋ አይከራከሩም።

ሦስቱን ኪሎ ይዤ ስገባ አላሳድረውም። በዚያው ምሽት አጥቤ እለቅመዋለሁ። ጫናው የላጠውን ጎኑን ቆርጬ አስቀረዋለሁ፤ የሸተተውንና ሻጋታ የነካውን ሙሉውን እጥላለሁ። ከሦስቱ ሁለት ተኩል ያህል ይተርፈኛል። ከትፌ፣ ያለ ውሃ፣ ለዘብ ባለ እሳት እስኪወፍር አበስለዋለሁ፤ ጨውና ዘይት ጨምሬ በጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ሳስቀምጠው ሳምንቱን ሙሉ የወጥ መሥሪያዬ ነው። የጣሳ ድልህ ከገዛሁ ቆየሁ። ሙዙም እንደዚሁ ነው። ልጣጩ ነጠብጣብ ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል፣ ጣፋጭነቱ ግን ያን ጊዜ ነው የሚመጣው። ልጆቼ ይህን ከእኔ ቀድመው ነው ያወቁት።

መጀመሪያ ሰሞን አፍሬ ነበር። ከቢሮ ወጥቼ በቀጥታ ስለሄድኩ አለባበሴን ያየች ሻጭ፣ «እትዬ፣ ይሄ ለእርስዎ አይሆንም፤ ለከብት ያስቀመጥኩት ነው» አለችኝ። «ለከብት ከሆነማ በከብት ዋጋ ስጪኝ» አልኳት። ሳቀች፤ ሦስት ቃሪያ መረቀችልኝ። ዛሬ ደንበኛዬ ናት፤ ስታየኝ የጎኑን ሣጥን ወደ ፊት ትስበዋለች። ግን ልብ በሉ፤ ያን ቀን ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የተነጋገርነው፤ እሷም እኔም የሚያሳፍር ነገር የምንሸጥና የምንገዛ ይመስል። ማጭበርበሩን የሚወልደው ይኸው መሽኮርመም ነው እላለሁ። የለሰለሰውን በግልጽ የሚጠይቅ ገዢ ከሌለ ሻጭ ምን ያደርጋል? ከሥር ይከተውና ጠንካራውን ከላይ ይደረድርበታል። ቤት ደርሰን ፌስታሉን ስንገለብጥ የምንራገመው ያንን ነው።

እኔ የተወለድኩት ወልቂጤ አጠገብ ቸሃ ነው፤ ቡታጅራ ያመጣኝ ትዳር ነው። ምግብ እንዳይባክን ማድረግ የደሃ ነገር ነው የሚለኝን ሰው ወደ አያቴ ጓሮ ብወስደው ደስ ይለኝ ነበር። ቆጮ፣ በእኛ አፍ ውሳ፣ ምንድን ነው? እንሰቱ ተፍቆ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ፣ ድንጋይ ተጭኖበት እንዲቦካ የሚተው ምግብ ነው። ወራት ይቆያል፤ በደንብ ከተያዘም ዓመታት። ሲያረጅ አይጣልም፤ አያቴ ጠንከር ያለ ሽታ ያለውን የቆየውን ከአዲሱ ጋር ለውሳ ነበር የምትጋግረው። ቅጠሉ መጠቅለያ፣ ቃጫው ገመድ፣ ሥሩ አሚቾ ሆኖ ይቀቀላል። አገሩን በክፉ ቀን ያቆመው እንሰት ነው ስንል፣ ያቆመው አያያዙም ጭምር ነው። ሌላውም ኢትዮጵያዊ ቢሆን ያደረ እንጀራን ድርቆሽ አድርጎ፣ የተረፈውን ፈርፍሮ ነው ያደገው። ታዲያ ድርቆሽ በቤታችን ብልህነት ሆኖ ገበያ ላይ ውርደት የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላንሳ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የምግብ ብክነት ግንዛቤ ቀን ብሎ እ.ኤ.አ. በ2019 የሰየመው ቀን ሴፕቴምበር 29 ነው፤ ከመስቀል ማግስት በኋላ ማለት ነው። ቀኑን የመረጡት ሰዎች ጉራጌ መስቀልን እንዴት እንደሚያከብር አስበው አይመስለኝም። ግን ክትፎው፣ አይቡና ጎመኑ ከየቤቱ ተርፎ «ማን ይብላው» የሚባልበት ሳምንት ላይ ነው የወደቀው። የዚያው ድርጅት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ባወጣው ስሌት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ አብዛኛው ከሱቅም ከሆቴልም ሳይሆን ከመኖሪያ ቤት ነው። የእኛ አገር ኪሳራ መልኩ ይለያል፤ የበዛው ገና ማጀት ሳይገባ፣ መንገድ ላይና ሣጥን ውስጥ ነው። ለዚህም ነው ማታ ገበያ ላይ የሚደረገው ግዢ ከባድ ዋጋ አለው የምለው። ከመጣያው በፊት ያለችው የመጨረሻ በር እሷ ናት።

አሁን ለወንድሜ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጣቸው። ርካሽ ሆኖ የማይነካ ነገር አለ። ማረቆ ደጃችን ስለሆነ በርበሬ እንወዳለን፤ እርጥበት ነክቶት የሻገተ በርበሬ ግን በነፃ ቢሰጠኝም ቤቴ አይገባም። በቆሎና ኦቾሎኒም እንዲሁ። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ጉበት የሚጎዳ ነው፤ ቢቆሉትም ቢቀቅሉትም አይጠፋም፤ ተፈጭቶ ሲደባለቅ ደግሞ ዓይን አያየውም። «ለላም ልስጠው» የሚለውም አያዋጣም፤ ላሟ የበላችው መርዝ በወተቷ ተመልሶ ይመጣል። አረንጓዴ የሆነ ድንች፣ የተነፋ ጣሳ፣ ቀለሙ የተለወጠ ሥጋ፣ እነዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ከሆቴል ሰሃን ተራግፎ የሚሸጠውንም ቡሌ እዚህ ውስጥ አላስገባም፤ ሰው ከረሃብ የተነሳ የሚገዛው እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሌላ ደብዳቤም ይፈልጋል። ነገር ግን የሻገተ በርበሬና የለሰለሰ ቲማቲም በአንድ ቃል «የወደቀ» ሲባሉ ደንብ አስከባሪው የሚወስደው ቲማቲሙን ነው። ቲማቲሙ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይታያላ! የተፈጨው በርበሬ በማዳበሪያ ውስጥ ነው።

በታሸገው ምግብ ላይ ደግሞ የሚደበቀው ነገር ይበልጣል። አንድ ሱቅ፣ ስሙንም ከተማውንም አልጠራም፣ ብስኩት በግማሽ ዋጋ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ካርቶኑን ሳገላብጠው ቀኑ በአሴቶን ተፍቋል። ባለሱቁ ጊዜው ሊያልፍ አንድ ወር ሲቀረው ቀኑን ሳይነካ ዋጋውን ቢቀንስልኝ ኖሮ ሁለት ካርቶን እገዛው ነበር፤ እሱም አይከስርም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚከለክለው የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበትን መሸጥ ነው። ጊዜው ሳያልፍ ማርከስን አይደለም። ደግሞ የቀን አቆጣጠራችን ጣጣ አለ። ከውጭ የመጣ ዕቃ ላይ 2024 ተብሎ ሲታተም፣ በእኛ 2016 ላይ ያለ ሰው ገና ስምንት ዓመት የቀረው መስሎት ይገዛል። እናቴ እንዲህ ብላ ዱቄት ወተት ልትገዛ ስትል ደርሼ አስቁሜያታለሁ።

እኅቴ ወልቂጤ ውስጥ የተማሪ ደንበኛ የሚበዛበት ትንሽ ቁርስ ቤት አላት። የትናንት ዳቦ ከጋገሪው በርካሽ ትወስዳለች፤ በቅመም ፈርፍራ ትሸጠዋለች፤ «ያደረ ዳቦ ነው» ብላም ትናገራለች። ማንም አልሸሻትም። የሁዳዴ ጾም በገባ ጊዜ ደግሞ የክርስቲያን ጎረቤቶቿ ወተት ይተርፋል፤ ሙስሊም ደንበኞቿ ይገዙታል፣ የቀረው ቅቤና አይብ ይሆናል። ፈረንሳይ ትልልቅ ሱቆች የሚበላ ምግብ እንዳይጥሉ እ.ኤ.አ. በ2016 ሕግ አውጥታለች፤ ዴንማርኮችም ሆቴልና ዳቦ ቤት ማታ የተረፋቸውን በርካሽ የሚሸጡበት የስልክ መተግበሪያ አበጅተዋል። ለእኛ እስክሪብቶና ካርቶን ይበቃናል።

ስለዚህ የቡታጅራና የወልቂጤ ንግድ ጽሕፈት ቤቶች ይህን ደብዳቤ ካዩት የምለምናቸው ይህ ነው። ገበያው ውስጥ ከአሥር ሰዓት በኋላ ለማታ መደብ የሚሆን ጥላ ያለው አንድ ጥግ ስጡ። ዋጋ ለጥፉ ብላችሁ ሱቆችን እንደምታስገድዱ ሁሉ፣ ያደረ ዳቦ፣ የለሰለሰ አትክልት፣ ቀኑ የቀረበ ዕቃ ብሎ የለጠፈውን አታስፈራሩት። ተቆጣጣሪ ካላችሁ በርበሬ ወፍጮው ላይ አቁሙት።

ጸሐፊው ወንድሜም ቢመጡ ደስ ይለኛል። ዘንቢል ይዘው ይምጡ፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ግን ካልደረሱ ደንበኛዬ ሣጥኑን ለእኔ አሳልፋ ትሰጠዋለች።

የቡታጅራ ነዋሪ