ወስዋስ በሽታ እንጂ ጠባይ አይደለም

ሰው ሆኖ የማይጠራጠር የለም። ከቤቱ ወጥቶ ጥቂት እንደ ተራመደ «በሩን ቈልፌዋለሁን?» ብሎ የሚመለስ ብዙ ነው። ተመልሶም ቁልፉን ነካ ያደርግና ልቡ ዐርፎ መንገዱን ይቀጥላል። አንድ ጎረቤቴ ግን አንድ ጊዜ በመመለስ አያርፍም። ዐሥር ጊዜ ይመለሳል፤ ቡታጋዙን ያያል፤ ቁልፉን ይስባል፤ በመጨረሻም ሚስቱን «ተዘግቷል አይደለም?» ብሎ ይጠይቃታል። እርሷም በትዕግሥት «ተዘግቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ» ትለዋለች። ከዚያም የበሩን ፎቶግራፍ በስልኩ አንሥቶ ይሄዳል፤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ሲመለከተው ግን «ይህ የትናንቱ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። በዚህም ጠንቅ ከሥራው እየዘገየ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። ሰፈርተኛው «ወስዋሳ» እያለ ይሥቅበታል። እኔም ከሣቂዎቹ አንዱ ነበርሁ።

ዳሩ ግን ይህ በሕክምና የታወቀ በሽታ ነው። ሁለት ነገሮችም ይታዩበታል። አንደኛው ሰውየው ሳይፈልገው እየመጣ የሚያስጨንቀው ሐሳብ ነው፤ ሁለተኛው ያን ጭንቀት ለማስታገሥ ሲል ደጋግሞ የሚፈጽመው ድርጊት ነው። አንዱ «ቆሻሻ ነክቶኛል» እያለ እጁ እስኪላጥ ይታጠባል፤ ሌላው ይቈጥራል፤ ሌላውም ማንም ሳያይበት በልቡ ብቻ አንድ ቃል ሲደጋግም ይውላል። ነገሩ በቀን ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ ጊዜ ሲወስድ፣ ወይም ሥራንና ኑሮን ሲያበላሽ ሐኪሞች በሽታ ይሉታል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከመቶ ሰዎች ከ1 እስከ 3 የሚሆኑትን በዕድሜያቸው ውስጥ ያገኛቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም በልጅነት ወይም በወጣትነት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ታማሚው ብዙውን ጊዜ የድርጊቱን ከንቱነት ራሱ ማወቁ ነው። ስለዚህ «ምነው ልብ ብትገዛ!» ብሎ መገሠጽ ሐፍረት ይጨምርለት እንደ ሆነ ነው እንጂ አይፈውሰውም። ከዚህም የከበደ አለ። አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ ሳለች «ብጥለውስ?» የሚል ሐሳብ ድንገት ይመጣባታል፤ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ለጸሎት የቆመ ሰው አእምሮ ውስጥ የስድብ ቃል ያልፋል። እነዚህ ሰዎች ሐሳቡን የሚፈሩት ከልባቸው ስለሚጠሉት ነው እንጂ ሊፈጽሙት ስለሚሹ አይደለም። ነገር ግን «ምን ይሉኛል?» እያሉ ለዓመታት ይደብቁታል። በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

እንዲህ ያለው ጭንቀት አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1522 ዓ.ም. ስፔናዊው ኢግናጥዮስ ሎዮላ በማንሬሳ ከተማ ሳለ የተናዘዘውን ኃጢአት እንደ ገና እየተናዘዘ፣ ራሱን ለማጥፋት እስኪፈተን ድረስ ዕረፍት አጥቶ ነበር። የተገላገለውም ያለፈውን ሁለተኛ ላለመናዘዝ ቈርጦ በተነሣ ጊዜ እንደ ሆነ በሕይወት ታሪኩ ተጽፏል።

የዛሬው ሕክምና ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዚያው አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. ቪክቶር ሜየር የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ በለንደን ሁለት ሕሙማን ከሚፈሩት ነገር ጋር እንዲገናኙ፣ የለመዱትን ድርጊት ግን እንዳይፈጽሙ አድርጎ እንደ ተሻላቸው ገለጠ። ዘዴው ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ ሄዷል። አሁን ታማሚው ራሱ ፈቅዶ፣ ቀላሉን አስቀድሞ፣ ከባለሙያ ጋር ደረጃ በደረጃ ይለማመዳል። የበሩን እጀታ ነክቶ ሳይታጠብ ይቈያል፤ ጭንቀቱ መጀመሪያ ቢያይልም በልምምድ ብዛት እየቀነሰ ይሄዳል፤ የፈራው ነገር እንዳልደረሰም አእምሮው ይማራል።

መድኃኒትም አለ። ክሎሚፕራሚን የተባለው በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ለዚህ በሽታ ተፈቅዷል፤ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን የተባሉትም ይታዘዛሉ። ኃይላቸው በሚገባ እስኪታወቅ ግን እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ መተው ስሕተት ነው። ሁሉም ፈጽሞ ይድናል ማለት ባይቻልም ብዙዎች ወደ ሥራቸውና ወደ ኑሯቸው ይመለሳሉ።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ትልቁ ኀላፊነት የወደቀው በቤተ ሰብ ላይ ነው። የጎረቤቴ ሚስት «ተዘግቷል» የምትለው ከፍቅር የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ መልሱ ባሏን ለአምስት ደቂቃ ካሳረፈው በኋላ ጥርጣሬው በርትቶ ይመለሳል፤ እሳትን በገለባ ለማጥፋት እንደ መሞከር ነው። ስለዚህ መሣቅም፣ መቈጣትም፣ ያለ ልክ ማባበልም አይረዱም። የሚረዳው ታማሚውን ወደ ሐኪም አድርሶ በምክሩ መሠረት አብሮ መቆም ነው። ወደ ጠበል ወይም ወደ ዱዓ የሚሄደውን አልነቅፍም፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አቋርጦ ግን አይሁን። የአማኑኤል ሆስፒታል ስም ሲነሣ «እኔ አላበድሁም» ብሎ የሚሸሽም ብዙ ነው። ሐኪም ዘንድ መሄድ የማበድ ምልክት ሳይሆን የማስተዋል ምልክት ነው።

ባለፈው ወር ጎረቤቴ ከሚስቱ ጋር ወደ ሐኪም ሄደ። አሁን «ተዘግቷል አይደለም?» ሲላት፣ ከሐኪሙ ጋር ሦስቱም እንደ ተስማሙት፣ «ጭንቀትህ ይገባኛል፤ ጥያቄውን ግን አልመልስም» ትለዋለች። ነገሩ ገና ጅምር ነው። ትናንት ጧት በመስኮት ሳየው ሁለት ጊዜ ብቻ ተመልሶ ሄደ። ለሌላው ሰው ሁለት ጊዜ መመለስ ብዙ ነው፤ ለእርሱ ግን ትልቅ ድል ነው። በየሰፈራችን እንደ እርሱ ያለ ሰው አይጠፋምና፣ በምንሥቅበት አፋችን «አይዞህ፤ ሕክምና አለው» ብንለው ምን ይጐዳናል?